የእትዬ ሜትር ጣውንት

እትዬ ሜትር እህቷን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። በአዲሱ መንገድ ብትሄድ በአንዱ፣ ያውም በሩብ ሰዓት ትደርሳለች። እሷ ግን በአሮጌው መንገድ፣ በብረት በያጆቹና በጎማ ጠጋኞቹ ደጃፍ፣ አቧራውን እየቃመች አንድ ሰዓት ሙሉ ትንገላታለች። ጎረቤት ከፍታ ትፈራለች ይላል። እህቷ ደግሞ ግትርነት ነው ትላለች፤ ለእውነቱ የምትቀርበው እህቷ ናት። አዲሱ መንገድ ቁጥር ሰባት በተባለው ማሳለጫ ላይ ያልፋል፤ ቁጥር ሰባት ደግሞ የእትዬ ሜትር ጣውንት ናት። በጣውንቷ ትከሻ ላይ ተንፈላሳ የምትሄድ ሴት ካለች እሷ ሌላ ናት።

ማሳለጫ ማለት ሁለት ትልልቅ መንገዶች ሲገናኙ አንዱ በድልድይ ሌላውን የሚሻገርበት፣ መኪናው ሳይቆም ሳይጋፋ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞርበት የአስፋልትና የሲሚንቶ ሥራ ነው። ነፍስ የለውም። ይህን እሷም አታጣውም። «ነፍስ ቢኖራትማ ኖሮ ፀጉሯን ይዤ ነገሩን ድሮ በጨረስኩት ነበር» ትላለች።

በሙያዋ ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ያለው ክፍል ሱቋ ነው። መስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና አለች፤ መሃል ላይ ደግሞ ከአሮጌ በር የተሠራ የመቁረጫ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የበሩ እጀታ የነበረበት ቀዳዳ እስካሁን ስላለ ጠመኔዋን እዚያ ትሰካዋለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። አፏ ሁልጊዜ ስፒል ስለሚይዝ የምታወራው በጥርሷ መሃል ነው። በልጅነቷ ከመሰላል ወድቃ ስለነበር ስትቆም ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች። ለማያውቃት ሰው የምትኮራ ትመስላለች፤ ለሚያውቃት ደግሞ እውነትም ትኮራለች።

የምታኮራት ጉርድ ቀሚሷ ናት። የእሷ ጉርድ ሲቀመጡበት ወደ ላይ አይሳብም፣ ዳሌ ላይ አይጨማደድም። አስተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ ሴቶች በሙሉ የእሷ ደንበኞች ናቸው። ሌሎች ሰፊዎች ሥራዋን ገዝተው ተርትረው አይተውታል፤ ምንም አላገኙም። «ሚስጥሩ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት ስፒሉን ሳትተፋ «እጄ ነው» ትላቸዋለች።

ቅናቷን በተመለከተ አትክድም። ባሏ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላቱን ሲያጥበው ዓይኑን ጨፈን ስላደረገ ብቻ በፀጉር አስተካካዩ ቀንታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ራሷ በልብስ መቀስ ስታስተካክለው ኖራለች። ሰውዬው በእነዚያ ዓመታት ባርኔጣ ማድረግ ለመደ። የሬዲዮ ዜና አንባቢዋ ድምፅ ሲመጣ እትዬ ሜትር ጣቢያ ትቀይራለች። የዓይን ሐኪሟ «ዓይንህ ጤነኛ ነው» ስላለችው ደግሞ «ምኑን አይታ ነው?» ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋዋለች።

እሱ በመንገድ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሠሪ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቢጮሁበትም ቢስቁበትም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጋሽ ኩርባ ይሉታል። ቀጥ ያለውን መንገድ ማንም ይሥለዋል፤ ኩርባ ሲመጣ ግን ወረቀቱ ተጠቅልሎ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር። ይህ ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት፣ መንገድ በእርሳስና በእንጨት ማስመሪያ በሚሣልበት ዘመን ነው።

እትዬ ሜትር የምትከሰው ነገር አላት፣ ማስረጃም አላት። ሰው ቤት የሠርግ ፎቶ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ፣ በእነሱ ቤት የተሰቀለው ባለ አራት ቅጠል ማሳለጫ ከአውሮፕላን ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። የሠርጋቸው ፎቶ ከበሩ ጀርባ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይሸፈናል። እሁድ ሲሆን ሰው ዘመድ ይጠይቃል፣ እሱ ማሳለጫ ይጠይቃል። ኮረብታ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያያቸው ይውላል። ዝምተኛ ነው አልኩ እንጂ የእነሱ ነገር ሲነሳ ምላሱ ይፈታል።

«ባለ አራት ቅጠሏ ከላይ ሲያዩዋት ታምራለች» ይላል፣ ማንኪያውን እንደያዘ ምግቡን ረስቶ። «ግን መልክ ብቻ ናት። የሚገባውና የሚወጣው መኪና እዚያችው አንድ መስመር ላይ ይጋፋሉ።»

«ድርብርቧስ?» ትላለች እሷ። መጠየቅ እንደሌለባት ታውቃለች፤ ግን የቀና ሰው ሳይጠይቅ አያድርም።

«ድርብርቧ አራት ፎቅ ናት። ትኩራራለች። ሥሯ ስትገቢ ግን ጨለማ ነው፤ የምትሄጂበት አይታይሽም። እኔ መለከቷን ነው የምወዳት። ሦስት መንገድ ሲገናኝ እንደ መለከት አፍ አንዴ ዞር ትልና አለቀ። ልታይ ልታይ አትልም።»

«እኔስ ልታይ ልታይ እላለሁ?»

«አንቺ ምን አገባሽ?» ይላል፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ነገሩ ይኸው ነው። እሷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ፣ ለብሳ፣ ፊቱ ሁለቴ ብትሽከረከር የምታገኘው «ጥሩ ነው» የምትል መልስ ብቻ ናት። ያችን መለከት ግን ሩብ ሰዓት ያወራላታል። በዚህ የማይቀና ሆድ ካለ ሆድ አይደለም።

ከተጋቡ በስድስተኛው ዓመት ደግሞ የከረጢቱ ጣጣ መጣ። ሁለቱም በሥራቸው ቆልማማ የእንጨት ማስመሪያ ይጠቀማሉ። እሱ የመንገድ ኩርባ ያሰምርበታል፣ እሷ የጉርድ ዳሌ ታወጣበታለች። ገና ፍቅሩ ትኩስ በነበረበት ጊዜ ከአንድ ሰማያዊ ሸንተረር ካለው ጨርቅ ሁለት ረጃጅም ከረጢት ሰፍታ ማስመሪያዎቹን አልብሳቸው ነበር፤ እንደ መንትያ ይምሰሉ ብላ። መሰሉም። አንድ ጠዋት እሱ የእሷን ይዞ ወጣ። እሷም ቀና ሳትል የእሱን ከከረጢቱ መዝዛ አሥራ ሁለት የተማሪ ጉርድ ጨርቅ ደራርባ አሰመረችበት፣ በአንድ ጊዜም ቆረጠችው። አሥራ ሁለቱም ተሰፍተው ሲያልቁ ዳሌያቸው ላይ ተጨማድደው ቁጭ አሉ።

አመሻሹ ላይ ባሏ ሲገባ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጠበቀችው። እሱ ግን እንደ ወትሮው «እሺ፣ ይቅርታ» አላለም። ከረጢቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጣፋጭ ሰርቆ እንደበላ ልጅ ፊቱን አዙሮ ቆመ። የማስመሪያዋ ጠርዝ በእርሳስ ጠቁሯል።

«በእንጨቴ ምን ስትሠራበት ዋልክ?»

«ምንም። ትንሽ መስመር።»

በማግስቱ በአንዱ ከረጢት ላይ ቀይ ቁልፍ ሰፋችበት፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የኮቱ ኪስ ተቀዶ ስትጠግን የታጠፈች ወረቀት አገኘች። በራሱ እጅ የተጻፈች ናት። «ትከሻዋ ጠቧል፣ ይስፋላት። ወገቧ እንዳለ ይቆይ፣ በጣም ያምራል። ቀለበቷን ግን ሳላጠብባት አልቀረሁም። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሄጄ አያታለሁ።»

እትዬ ሜትር ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበች። መጀመሪያ የታያት ነገር ሌላ ሴት መኖሯ እንኳ አይደለም። ትከሻዋ ይስፋላት! ወገቧ እንዳለ ይቆይ! ሰውዬው ለውሽማው ልብስ እያሰፋ ነው፤ ያውም በሌላ ሰፊ። እቤቱ የአገር ሴት ተሰልፋ የምትጠብቃት ሰፊ እያለችለት! የቀለበቷ ነገር የገባት ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ለማንም ሳትናገር እስከ ሐሙስ ድረስ ሰነበተች።

ሐሙስ ሱቋን ዘግታ፣ በሻርፕ ተሸፋፍና፣ ታክሲ ይዛ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አደፈጠች። እሱ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ሲገባ «ያንን ነጭ መኪና ተከተልልኝ» አለች።

«ባልሽ ነው እንዴ እትዬ?» አለ ታክሲ ነጂው።

«አንተ መሪህን ያዝ!»

መኪናው ከከተማ ወጣ፣ ኮረብታ ሥር ቆመ። ባሏ ብቻውን ወርዶ ሽቅብ ወጣ። እሷም የጠጠር ክምር ኋላ ተሸሸገች። ከአሁን አሁን ትመጣለች ብላ ጠበቀች፤ ሰዓቱ ሄደ፣ ሴት የሚባል አልመጣም። ከታች ገና አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ኮረብታውን እየዞረ ይወርዳል፣ ሠራተኞች ይወጣሉ ይገባሉ። ባሏ እሱን ቁልቁል እያየ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ እትዬ ሜትር ታውቃታለች። አንዴ ነው ያየቻት፣ እሺ አገባሃለሁ ያለችው ዕለት። ያን ጊዜ ሻርፗ ወደቀ፣ ትዕግሥቷም አብሮት ወደቀ።

«የታለች?»

«ማን?» አለ ደንግጦ።

«ትከሻዋ የጠበበው!»

ፊቱ በደስታ በራ። ሚስቱ ሥራው ድረስ መጥታ ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ጊዜ መሆኑ ነው። «እቻትልሽ!» ብሎ በጣቱ አሳያት። የተበላሸ መኪና ዳር ይዞ የሚቆምበት ጠርዝ ትከሻ እንደሚባል፣ ዞሮ የሚገጥመው መንገድ ቀለበት እንደሚባል፣ ድልድዩ መሃሉ ላይ የሚቀጥንበትን ቦታ እነሱ ወገብ እንደሚሉት፣ ሁሉንም አስረዳት። ቁጥር ሰባት ማሳለጫ ናት አላት።

«እያት እስቲ። ኩርባዋ ድንገት አይጀምርም፤ መሪሽን ቀስ እያለች ነው የምትወስድልሽ። እመሃል ስትደርሺ ትንሽ ታሳርፍሻለች። እጅሽን ታላያለሽ። ከዚያ እንደገና ትይዝሻለች። ገና ሳትወርጂ ደግሞ የምትሄጂበት ወለል ብሎ ይታይሻል።»

«ታሳርፋለች?»

«አዎ።»

«ከዚያ ትይዛለች?»

«አዎ!» አለ ሰውዬው፣ ምንም ሳይጠረጥር።

እትዬ ሜትር በዚያች ቅጽበት ምነው ውሽማ በሆነች ብላ ተመኘች። ውሽማ ታረጃለች፣ ትወፍራለች፣ አንድ ቀን ትሰለቻለች። ይህች ግን መቶ ዓመት ልትኖር ነው የምትሠራው። «ብሞት እዚች ላይ አልሄድም» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። መንገዱ ተመርቆ ከተማው ሁሉ ሲያልፍበት እሷ ሃያ ሁለት ዓመት በአሮጌው መንገድ ዞረች።

እንግዲህ ባሏ ጡረታ ሊወጣ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የሚሰናበት ሰው ሩብ ሰዓት ይሰጠውና ስለሚወደው ሥራ ያወራል። እሱ የሚወዳቸውን አምስት ማሳለጫዎች ከነምክንያታቸው ላሳይ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ከመስተዋቱ ጋር ተለማመደ፤ እሷም በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። መለከቷ ተጠራች። ቁጥር ሰባት ተጠራች። «ባለቤቴ» የምትል ቃል ግን አልሰማችም።

በሠላሳ አንድ የትዳር ዓመት ውስጥ የለበሰው ሸሚዝ ሁሉ የእሷ እጅ ነው። የምትፈልገው አንዲት ቃል ነበር። በሰው ፊት፣ እነዚያን ፎቶዎች እያሳየ፣ ከእነሱ ጋር አንዴ እሷንም እንዲጠራት። ለእህቷ ስልክ ደውላ «አንዲት ቃል ካላለ፣ ከዚያው ከአዳራሹ ልብሴን ይዤ አንቺ ጋ ነኝ» አለቻት። እህቷ ቀልድ መስሏት «በየትኛው መንገድ?» አለች። «በአሮጌው!» ብላ ዘጋችባት። ቀልድ አልነበረም፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል።

በዕለቱ ለራሷ ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ ሰፍታ ለበሰች፣ ሜትሯንም ከስንት ጊዜ በኋላ ከአንገቷ አወረደች። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባና ሲነኩት የሚጮህ ማይክሮፎን ነበረው። እሷን ፊት አስቀመጧት። ከጎኗ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር የምታሳየው ወጣት መሐንዲስ ተቀምጣለች። ሱሪ የለበሰች ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ እሱ ገና አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን ፎቶ ታወጣለታለች። እትዬ ሜትር የምትቀናበት የጠፋ ይመስል በእሷም ቀናች።

ባሏ ኃላፊውን አመሰገነ። መሬት ለኪዎቹን አመሰገነ። ሻይ የምታፈላውን ሴት አመሰገነ። ሠላሳ ዓመት የተጠቀመባትን የእርሳስ መቅረጫ ሳይቀር አመሰገነ። እትዬ ሜትር ጥርሷን ነክሳ ቆጠረች፤ ከእርሳስ መቅረጫው ቀጥሎ ተራው የእሷ ሊሆን ይችላል። አልሆነም። ወደ ማሳለጫዎቹ ገባ። ባለ አራት ቅጠሏ አለፈች፣ ድርብርቧ አለፈች፣ መለከቷም አለፈች። አራተኛዋ ዛፎቹን ላለመቁረጥ ብላ ጠምዘዝ ያለች የገጠር ማሳለጫ ናት፤ «ትሕትናዋ ደስ ይለኛል» አለላት። በመጨረሻ ቁጥር ሰባት ግድግዳውን ሞልታ መጣች።

«ሌሎቹን ለምን እንደምወዳቸው አውቃለሁ» አለ ባሏ። «የዚችን ግን ዛሬም አላውቀውም። ስሥላት ሳላስብ ነው የሣልኳት። እጄ ነው የሚያውቃት።»

እትዬ ሜትር ደም ፍላቷ ተነሳ። እጄ ነው የሚያውቃት! በሰው ፊት፣ ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ! ቦርሳዋን አነሳች። ልትነሳ ወንበሩን ስትገፋ ወጣቷ መሐንዲስ እጇን አወጣች፤ በልጅቷና በባሏ መሃል አቋርጣ ላለማለፍ እትዬ ሜትር ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ልጅቷ። «ይችን መንገድ ለክተናታል። እመሃሏ ላይ፣ በሁለቱ ኩርባዎች መካከል፣ ሠላሳ ሜትር ቀጥታ አለ። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን የተሰበረ ጀርባ ይለዋል፣ አታድርጉ ይላል። ግን እስካሁን እዚያ ቦታ ላይ አንድ መኪና ከመንገድ አልወጣም። ሾፌሮቹም የሚወዱት እሱን ቦታ ነው። ከየት አመጡት?»

ባሏ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አያት።

«ስህተት ነው» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ነው። ሥራው ለከሰዓት ይፈለጋል። ከረጢቴን ስከፍት ማስመሪያው የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው፣ የቀሚስ ዳሌ የምታወጣበት። እስቲ ልየው ብዬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። መስመሩ ራሱ መጣ። በሚቀጥለው ቀን በእኛ ማስመሪያ አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ እንደሱ አልሆነልኝም። ስለዚህ ስሌቱን በእሱ ላይ ሠራሁት፤ አንድ ሴንቲሜትር አምስት ሜትር ነበረች። ያ ቀጥታ እንግዲህ የእንጨቱ ጉድለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ተበልቷል። በልብስ ሰፊ እንጨት መንገድ ሠራ እንዳልባል ፈርቼ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።»

ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ወደ እሷ ዞረ። ሳቁ ገና አላለቀም። ቃሏ መጣች እንግዲህ፤ «የባለቤቴ» ብሏል። ግን ምን አድርጎ! ስህተት። ጉድለት። የተበላ እንጨት። የእርሳስ መቅረጫው እንኳ በክብር ነው የተመሰገነው። እንባዋ መጣ፤ እያጨበጨቡላት አታለቅስም ብላ ጣሪያውን አየች።

ጣሪያውን እያየች ሠላሳውን ለአምስት አካፈለች። የሙያ ነገር ነው፤ ቁጥር ከሰማች መለካቷ አይቀርም። ስድስት ሴንቲሜትር። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ሜትሩ የለም። ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለካች። ስድስት ሴንቲሜትር።

እንጨቱ አልተበላም። እሷ ራሷ በሰባራ ብርጭቆ ፍቃው ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሙያውን ስትማር፣ የምትሰፋውን ሁሉ በራሷ ላይ እየለካች ነበር የምትሞክረው። ከመሰላል የወደቀችበት ግራ ዳሌዋ እመሃሉ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ነውና ጉርዱ ሁሉ እዚያ ላይ ይነሳባታል። አስተማሪዋ ሳታያት ማስመሪያውን ወስዳ እዚያች ቦታ ላይ ስድስት ሴንቲሜትር ፋቀችው፤ ልክ በራሷ ገላ ልክ። የገረማት ኋላ ነው። ያ ጉርድ ደህና ዳሌ ያላቸውንም ሴቶች ሲቀመጡ አሳረፋቸው። ሚስጥሯ ይኸው ነበር። አፍራበት ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም ቢሆን።

ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀና ብላ አየቻት። ኮረብታውን ወደ ግራ ትዞራለች። እመሃል ላይ ትንሽ ታሳርፋለች፣ ከዚያ እንደገና ትይዛለች። «እጄ ነው የሚያውቃት» ያለው ቃል ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እትዬ ሜትር በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ያን ሁሉ መሐንዲስ ፊት፣ እስከ አንገቷ ድረስ ቀላች።

ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሊሸኛቸው ቆመ። ሾፌሩ ልማዷን ያውቃል። «በአሮጌው ነው አይደል እትዬ?» አላት።

«በቁጥር ሰባት ውሰደን።»

ባሏ ዞሮ አያት። «ደህና ነሽ?»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

መኪናው ከላይኛው መንገድ ወጥቶ መዞር ጀመረ። እውነቱን ነው፣ ድንገት አልጀመረችም። ሰውነቷ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዘንበል አለ። እሱ ከልምዱ አንድ ጣቱን አነሳ፤ «አሁን ልታሳርፍሽ ነው» ሊላት። እሷ ቀደመችው። ያነሳውን እጅ ያዘችና፣ ሾፌሩ በማያይበት በወንበሩ በኩል፣ ግራ ዳሌዋ ላይ አሳረፈችው። መሪው ላላ። ሠላሳ ሜትሩን ሲያልፉ የባሏ እጅ አልተንቀሳቀሰም።

«እንጨቱን የፋቅኩት እኔ ነኝ» አለችው በጆሮው። «በዚህ ልክ።»

ጋሽ ኩርባ መጀመሪያ እጁን አየ። ከዚያ በመስኮቱ መንገዱን አየ። እንደገና እጁን አየ። ዓይኑ እንባ ሲሞላ ያን ፈገግታ ለሦስተኛ ጊዜ አየችው፤ ይኼኛው ግን አድራሻው የታወቀ ነበር። ቀና ብሎ «ስማ እንጂ አንተ ልጅ...» ብሎ ሾፌሩን ሊጠራ ሲል ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ለአንድ ሰው ትንፍሽ ትልና! ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል።»

ከዚያ አንገቷን አዙራ በኋላ መስኮት አየች። ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እየተንኳኳ ተከትሏቸው ኩርባው ውስጥ ገባ፤ ሾፌሩ አንድ እጁን በመስኮት አንጠልጥሎ ያፏጫል። ከእሱ ኋላ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ የቤት መኪና፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! እትዬ ሜትር ዓይኗ ደም ለበሰ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ባሏን፣ «ይሄ ሁሉ ወንድ እዚህ ላይ እንዲነዳ ማን ፈቀደለት?»